ኦቦ ደቻሳ እና የድርጭቶቹ ቤት

የኦቦ ደቻሳን ሞት የነገረችኝ ሱሉልታ ሳለሁ ቤት ያከራየችኝ እትዬ ዘነበች ናት። የደወለችልኝ ለዚያ አልነበረም። የልጄ የክትባት ካርድ ከዕቃ ቤቷ ተገኝቶ ኖሮ እሱን ልትነግረኝ ነው። ስለ ካርዱ አወራን፣ ስለ ዝናቡ አወራን፣ ልትዘጋ ስትል፣ «ያ ደቻሳ እኮ ሞተ» አለችኝ። በዚያ ሰፈር አንቱታውን ከነጠቋቸው ስድስት ዓመት ሆኗል።

«ድንኳን ተተከለላቸው?» አልኳት፣ መልሱን እያወቅሁት።

«በምን እድር? ሞቶ ሁለት ቀን ሙሉ ማንም ሳያውቅ ከቤት ቆይቶ፣ እዚህ ጎናችን ፎቅ የሚሠሩት የደቡብ ልጆች ናቸው የሳሉ ድምፅ ጠፋብን ብለው በሩን የገፉት። ጉድጓዱን የቆፈሩትም፣ መዝሙሩን የዘመሩትም እነሱው ናቸው። ከሰፈር አንድ ሰው አልወጣም። ከእንደዚህ ዓይነት አሟሟት ይሰውረን።»

አሜን አልኳት። ኦቦ ደቻሳን ከእድር ያስወጣኋቸው እኔ ነኝ።

ሙት ወቃሽ አያድርገኝና ክፉ ሰው ነበሩ። ሰው ሲሞት ክፋቱን አብሮ መቅበር የአገራችን ወግ ነው፤ እኔ ግን ደግ ነበሩ ብዬ ብጽፍ ከጉድጓዳቸው ቀና ብለው «ንቀይና እንደገና ጀምሪ» የሚሉኝ ይመስለኛል። ውሸት የሆነ ነገር ሲያዩ አያልፉም ነበር። ጎረቤት ሠርግ ደግሶ ቢጠራቸው ሙሽራዋን አይተው «ይቺ አትቆይም» ብለው የሚመለሱ ሰው ናቸው። ከሁሉ የሚያናድደው ደግሞ ሙሽራዋ አለመቆየቷ ነው።

ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ ሽማግሌ ነበሩ። እጃቸው ከሰውነታቸው ይገዝፋል። በአንድ ትልቅ የዶሮ እርባታ ሠላሳ ዓመት ሠርተዋል፤ ሥራቸው ለቀማ ነበር። በየማለዳው በሺህ የሚቆጠር ጫጩት መሀል እየዞሩ እግሩ የተጣመመውን፣ ዓይኑ የደከመውን፣ ትንፋሹ የሚያፏጨውን ይለቅማሉ። ከለቀሙ በኋላ ያው አንገቱን ነው። በቀኝ እጅ አንድ፣ በግራ እጅ አንድ። ይህን ሲያወሩ ድምፃቸው አይለወጥም፤ ሽንኩርት መላጥ የሚያስረዱ ነው የሚመስሉት። «አይቶ ማለፍ ነው ጭካኔ» ይሉ ነበር። ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሚለቅሙት ጫጩት አጥተው ሰው ይለቅሙ ነበር ብል ሐሜት አይሆንብኝም።

ሳላቸው ሰፈሩን ሁሉ ያውቀዋል። ሦስት ጊዜ ደረቅ ደረቁን፣ ከዚያ እንደ ፉጨት ያለች ረጅም ትንፋሽ። ቤታቸው ከእኛ ግቢ የሚለየው በቆርቆሮ አጥር ነው፤ ከአጥሩ አንድ ቆርቆሮ ወልቆ ስለነበር ጓሯቸው ይታየኛል፣ ቤቴም ይታያቸዋል። ጠዋት «አከም ቡልተን፣ ኦቦ ደቻሳ» ስላቸው፣ «አዳሬ ምን ያደርግልሻል?» ይሉኛል። ስሜ ትርሲት መሆኑን እያወቁ ኢንተላ ነው የሚሉኝ፤ በኦሮምኛ ልጅት እንደማለት ነው። የሠላሳ አምስት ዓመት ሴት ነበርኩ።

የድርጭቱ ነገር የመጣው በልጄ በቤዛ ነው። ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። አስም አለባት፤ ከአባቷ ተለያይተን ኪራይ ረከሰ ብዬ ከአዲስ አበባ ሱሉልታ ስገባ ብርዱ ጨመረባት። በምሠራበት ትምህርት ቤት አንዷ ባልደረባዬ የድርጭት እንቁላል ጥሬውን በባዶ ሆድ ለአስም ፍቱን ነው አለችኝ። ያልሞከርኩት ምን ነበርና? ጥቁር አዝሙዱንም፣ ማሩንም፣ ጸበሉንም አይተነዋል። እየገዛሁ አስጀመርኳት። ኋላ ግን ከመግዛት ማርባት ብዬ ተነሳሁ።

እትዬ ዘነበችን ላስፈቅድ ብሄድ፣ «ግቢዬ ውስጥ ዶሮ ይሁን ድርጭት፣ ለወፍ ቤት የሚተክል የለም። በተከራየሽው ክፍል ውስጥ ግን የፈለግሽውን አድርጊ» አለችኝ። እንጨትና ሽቦ ገዝቼ፣ አንድ ቅዳሜ ደጃፌ ላይ ቁጭ ብዬ መምታት ጀመርኩ። የማውቀው የእናቴን የዶሮ ቤት ስለሆነ፣ ቁመቱ ሜትር የሆነ፣ መሀሉ ላይ ቆጥ ያለው ቤት ነው የጀመርኩት።

ኦቦ ደቻሳ በወለቀው ቆርቆሮ በኩል ሲያዩኝ ቆዩ። ቀጥሎ የሚቀመጡባትን ግንድ እየጎተቱ ገቡ።

«ለማን ነው?»

«ለድርጭት ነው።»

«ስንት ዓመት ፈረድሽባቸው?»

መዶሻዬን አነሳሁ። እሳቸው ግንዱ ላይ ተቀመጡ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቆጥ ነዋ።»

«ድርጭት ቆጥ ላይ ወጥቶ አያውቅም፤ አባቱም አልወጣ። መሬት ለመሬት የሚሄድ ወፍ ነው። ንቀይው።»

ነቀልኩት።

«ጣሪያውን ለምን ከፍ አደረግሽው?»

«እንዳይጨንቃቸው ብዬ።»

«እናትየዋ! ድርጭት ሲደነግጥ ወደ ጎን አይሸሽም፣ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ነው የሚተኮሰው። በዚህ ቁመት ፍጥነት ያገኝና አናቱን ይፈጠፍጣል። ዝቅ አድርጊው። ስንዝር ተኩል። በኔ ስንዝር እንጂ ባንቺ አይደለም። ከውስጥ ደግሞ ጆንያ ወጥሪበት፤ ቢዘልም ጨርቅ ይምታው።»

አራት ቅዳሜና እሁድ እንዲህ አለፈ። እሳቸው መዶሻ አልነኩም። ወለሉን በሽቦ ወንፊት ሳደርግ ቀዳዳውን በትንሿ ጣታቸው ለክተው «እግሩ ገብቶ ይሰበራል፤ ፍቺው» አሉኝ። ጠበብ ያለ ገዝቼ መጣሁ። ኩሱ በሽቦው አልፎ የሚወድቅበት ላሜራ ከሥር አስገባሁ፤ «በየቀኑ ስቦ ለመጥረግ እጀታው የታለ?» አሉኝ። ወለሉን ትንሽ አዘቀዘቅሁት፣ እንቁላሉ እየተንከባለለ ከፊት እንዲወጣ፤ አንዲት ድንች አንከባለሉበት፣ መሀል ላይ ቆመች፣ «ፍቺው።» ጣቴን መዶሻ መትቶኝ ደሜ ሲንጠባጠብ እንጨቱን እንዳላበላሽ ነው የተቆጡኝ። አንድ ቀን አልቅሻለሁ። «ስትጨርሺ ንገሪኝ» ብለው ሳላቸውን ሳሉ።

ነገር ግን ቤቱ አማረ። ዛሬም ቢሆን ዓይኔን ጨፍኜ ልሠራው እችላለሁ።

ጠባችን የመጣው ቤቱ ካለቀ በኋላ ነው።

«የት ልታስቀምጪው ነው?»

«ከቤዛ አልጋ ጎን። ውጭ ብርድ ነው፤ ሸለምጥማጥም አለ። ደግሞ እትዬ ዘነበች አትፈቅድም።»

«ወፍን የሚገድለው ንፋስ ነው እንጂ ብርድ አይደለም» አሉ። «በኔ ጓሮ፣ በግድግዳዬ አስጠጊው። ጀርባውን ለንፋሱ ስጪው። ቆርቆሮ አለኝ፣ አለብስልሻለሁ። ቁልፉን አንቺ ያዢ።»

እዚህ ላይ ቢያቆሙ ኖሮ እሺ እል ነበር። እግዜር ያውቃል፣ እል ነበር። እሳቸው ግን ማቆም አያውቁም። በሩ ላይ ቆማ የምታየንን ቤዛን በአገጫቸው አሳዩኝና፣ «ይቺ ደረቷ የጫጩት ደረት ነው። ከነሱ ጋር ካስተኛሻት አትከርምም» አሉ።

«ኦቦ ደቻሳ! ልጄ ላይ አያሟርቱብኝ!»

«ይቺ ሳል የማን ትመስልሻለች? የዶሮዎቹ ናት። ላባቸውንና የኩሳቸውን ብናኝ ሠላሳ ዓመት ስቤ ነው ያመጣኋት።»

«እርስዎ አርጅተው ነው የሚስሉት» አልኳቸው። ልጄ ፊት የተናገሩት ቃል ጆሮዬን ደፍኖት ስለነበር የቀረውን አልሰማሁትም። እናት የሆነ ያውቀዋል።

ድርጭቶቹን ቡራዩ ካለ አርቢ በካርቶን አመጣኋቸው፤ ሃያ አራት ነበሩ። ቤዛ ለሁሉም ስም አወጣችላቸው። በማግስቱ ኦቦ ደቻሳ ሳይጠሩ ገቡ። ጎንበስ ብለው አንድ በአንድ አዩና አንዷን አውጥተው ጆሯቸው ላይ አደረጓት፤ ትንፋሿን ነበር የሚያዳምጡት። ቤዛ ልታቅፍ እጇን ዘርግታ፣ «እሷ ሚሚ ናት» አለቻቸው።

ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሚሚ አንገቷ ወደ ጎን ተንጠለጠለ።

«ታማለች። ሌሎቹን ትጨርሳለች» አሉና ኮታቸው ኪስ ከተቷት።

ቤዛ አላለቀሰችም። እጇ እንደተዘረጋ ደረቷ መውጣት መውረድ ጀመረ፣ ከንፈሯ ጠቆረ። የምትስበውን መድኃኒት ፓፉን ከቦርሳዋ አውጥቼ ሰጠኋት። ስትረጋጋ ሽማግሌውን በኮታቸው ይዤ ገፍቼ አስወጣኋቸው። በሩ ላይ ዞረው፣ «ወፎቹን አውጪያቸው። አለዚያ ከዚህ ክፍል የልጅሽ ሬሳ ይወጣል» አሉኝ። እትዬ ዘነበች ልብስ እያሰጣች ይህን ሰምታለች። እስከ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ሰማው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ለመጻፍ ነው እጄ የሚከብደኝ። ድርጭቶቹ እንቁላል ጣሉ። በየማለዳው ሁለት ሁለት ሰበርኩላት። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ላሜራውን በየቀኑ ብጠርግም ዓይን የሚያቃጥለው ሽታ አልጋ ልብሱ ውስጥ ገባ፣ የላባቸው ብናኝ መስኮቱ ላይ እንደ ዱቄት ይቀመጣል። ቤዛ ባሰባት። እኔም እንቁላሉ አልደረሳት ይሆናል ብዬ አራት አደረግሁት። ጤና ጣቢያ አመላለስኳት። ነርሷ፣ «ቤት ውስጥ ውሻ ወይ ድመት አላችሁ?» ብላ ጠየቀችኝ። «የለንም» አልኳት፤ ልቤ ንጹሕ ነበር፣ ውሻም ድመትም የለንማ። መድኃኒት እያመረተልኝ ያለ ወፍ በሽታ ይሆናል ብዬ እንዴት ላስብ?

ኦቦ ደቻሳ በየጠዋቱ በወለቀው ቆርቆሮ በኩል፣ «አልወጡም?» ይሉኛል።

«ምን አገባዎት!» እላቸዋለሁ።

ከጓሯቸው የመዶሻ ድምፅ መሰማት ጀመረ። ይመታሉ፣ ይስላሉ፣ ይመታሉ።

ቤዛን ሁለት ጊዜ ጤና ጣቢያ ያስገባሁበት ሳምንት ነበር። ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ከማጠናከሪያ ትምህርት ተቀብያት አብረን ስንመጣ በራችን ወለል ብሎ ተከፍቷል። ቁልፉ ተሰብሯል። ደፉ ላይ ጆንያ ተነጥፎ፣ ሃያ ሦስቱ ድርጭቶች በመስመር በመስመር ተደርድረዋል፤ ሁሉም አንገታቸው ወደ አንድ ወገን ዞሯል። ቤዛ ጎንበስ ብላ አንድ በአንድ በስማቸው ጠራቻቸው። አንድም ስም አልዘለለችም።

ሽማግሌው ከአጥሩ ማዶ ግንዳቸው ላይ ተቀምጠው እጃቸውን እየታጠቡ ነበር።

«ብወስዳቸው መልሰሽ ታስገቢያቸው ነበር» አሉኝ። «የሠራሽውን ቤት አውጥቼ ጓሮዬ ተክዬዋለሁ፣ ቆርቆሮም አልብሼዋለሁ። ሌላ ግዢና እዚያ አስገቢ። ክፍሉን ጠርጌ ኖራ ቀብቼልሻለሁ። ፍራሹ ፀሐይ ላይ ነው።»

ጩኸቴን አቀለጥኩት። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ሴት ልጅ የምታሳድግ ብቸኛ ሴት፣ የተሰበረ ቁልፍ፣ የምታለቅስ ሕፃን፣ የሞተ ወፍ በረድፍ። ማን ይፈርድላቸዋል?

ነገሩ እድር ፊት ቀረበ። ጉዳዩ እስኪታይ ሦስት ሳምንት አለፈ፤ በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ቤዛ አንድም ቀን ጤና ጣቢያ አልሄደችም። መጀመሪያ በቀን ሦስቴ የምትስበው ፓፍ አንድ ጊዜ ሆነ፣ ከዚያ ቦርሳዋ ውስጥ ተረሳ። ኖራ በተቀባው ክፍል ውስጥ አፏን ዘግታ ስትተኛ ቁጭ ብዬ አየኋት። አፏን ዘግታ ስትተኛ አይቻት አላውቅም ነበር። ደስ ሊለኝ ሲገባ ቀዘቀዝኩ። ጠዋት ጠዋት በገዛ እጄ ምን ሳጠጣት፣ ምን አጠገብ ሳስተኛት እንደከረምኩ ገባኝ።

እሁድ ዕለት የእድሩ ቤት ሞላ። ሽማግሎቹ ለሳቸው ማዘናቸው ያስታውቃል። የእድሩ ዳኛ፣ «ኦቦ ደቻሳ፣ እንደ ወጋችን ድንጋይ ይሸከሙና ትርሲትን ይቅርታ ይበሏት፤ ነገሩ እዚሁ ይለቅ» አሏቸው።

«ላጠፋሁት እሸከማለሁ» አሉ። «ቁልፍ ሰብሬያለሁ፤ ለሱ ትልቁን ድንጋይ አምጡ። ለወፎቹ ግን ጠጠርም አልሸከምም። እናትየዋን ጠይቋት።»

ዳኛው ወደ እኔ ዞሩ። «ትርሲት፣ እውነቱን ተናገሪ። ወፎቹ ከሄዱ ወዲህ ልጅሽ ተሽሏታል?»

እትዬ ዘነበች ከጎኔ ነበረች። ያ ሁሉ ሰው ያየኛል። አዎ ብል፣ ልጇን ልትገድል የነበረች እናት እኔ ነኝ። ከፊቴ የቆሙትን ሽማግሌ አየሁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከኔ አንድ ቃል የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር። ያቺን ድንች ሲያንከባልሉ የነበራቸውን ፊት ነው የያዙት።

«ኧረ ምንም ለውጥ የለም» አልኩ። «እንደውም በድንጋጤው ብሶባታል።»

ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ማንም አልጠየቀኝም። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ቤቱ አጉረመረመ፣ ሴቶቹ ከንፈር መጠጡ፣ የሽማግሌው ነገር ያን ጊዜ አከተመ።

ኦቦ ደቻሳ አልተቆጡም። ሳላቸውን እስኪበቃቸው ስለው ጨረሱና ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ «ኢንተላ፣ እጅሽ አይንቀጠቀጥም» አሉኝ። «ጥሩ ለቃሚ ይወጣሽ ነበር።»

ከእድር ተሰረዙ። ሲታመሙ የሚጠይቅ፣ ሲሞቱ የሚቀብር የለም ተባለ። ሰፈሩ ደግሞ ከተፈረደው በላይ ጨመረ። ሱቅ ሄደው ወረፋ ይዘው ይቆማሉ፣ ከኋላቸው የመጣው ሁሉ ይስተናገዳል። ልጆች ሳላቸውን እየቀዱ ይከተሏቸዋል። እኔም ስንገናኝ መሬት መሬት እያየሁ አልፋለሁ። በወለቀው ቆርቆሮ በኩል የድርጭቶቹ ቤት ይታየኛል፤ ጀርባውን ለንፋሱ ሰጥቶ፣ ቆርቆሮ ለብሶ፣ ባዶውን ተቀምጧል። ላሜራውን በየጠዋቱ ስበው ይጠርጉት ነበር። ምን እንደሚጠርጉ እንጃ።

አንድ ዓመት ያህል ቻልኩት። ከዚያ ሰበታ ቤት ፈልጌ ዕቃዬን ጫንኩ። በወጣንበት ቀን ግንዳቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ቤዛ የረሳችውን ጫማ ልታመጣ በፊታቸው ሮጣ አለፈች፣ ሮጣ ተመለሰች። ስታልፍ ጆሯቸውን ወደ እሷ አዘንብለው አዳመጧት። ከዚያ ራሳቸውን አንዴ ነቀነቁና ፊታቸውን አዞሩ። እኔን አላዩኝም።

ከዚያ ወዲህ ልሄድ ያሰብኩበት ጊዜ አለ። ዳኛው ጋ ደውዬ ዋሽቻለሁ፣ መልሷቸው ልል ስንት ጊዜ ስልኬን አንስቻለሁ። ዘንድሮ፣ ከበዓል በኋላ፣ ቤዛ ፈተና ስትጨርስ። እሳቸው ሁለት ቀን በር ዘግተው እስኪሸቱ ድረስ ሰበብ አላጣሁም።

የእትዬ ዘነበችን ስልክ እንደዘጋሁ ቤዛ ገባች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው አሁን። የሰበታው ቤታችን ዳገት ላይ ነው፤ ውሃ ሲጠፋ ከታች ከቦኖው ሃያ ሊትር ጀሪካን ተሸክማ አንድ ጊዜ ሳታርፍ ትወጣዋለች። ጀሪካኑን አስቀመጠችና ፊቴን አየችው።

«ማን ሞተ?»

«ኦቦ ደቻሳ። ሱሉልታ ጎረቤታችን የነበሩት።»

ትንሽ አሰበች። «ያ ድርጭቶቼን የገደላቸው ሰውዬ?»

አፌን ከፈትኩ። ስድስት ዓመት ያጠናሁት ንግግር እዚያው ምላሴ ላይ ነበር። የቀበሯቸው ሰዎች እንኳ ያላወቁትን እሷ ብታውቅላቸው ይበቃ ነበር።

«አዎ» አልኳት።

«እሰይ!» አለች። ዳገቱን ገና መውጣቷ ነበር፤ ትንፋሿ ግን አልተቆራረጠም።

እኔም ጀሪካኑን ወደ ውስጥ አስገባሁት።